የፋንቱ ኔግሮኒ

ፋንቱ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በግሪኩ ሆቴል ባንኮኒ ጀርባ ቆማ መጠጥ ስትቀምም ኖራ፣ አብዮቱ በመጣ በአምስተኛው ዓመት አንሶላ አጣቢ ሆና ተገኘች። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰው ምን አጥፍታ ነው ማለቱ አይቀርም። ምንም አላጠፋችም። ሆቴሉ ሲወረስ ባለቤቱ ሙሴ ያኒ ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገባ፣ ሆቴሉ የሕዝብ ሆነ፣ ለሕዝቡ ሆቴል ደግሞ ጓድ ለይኩን የሚባል ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት። ጓድ ለይኩን በመጣ በሦስተኛው ወር ባሩን «ለንብረት ቆጠራ» ብሎ ዘጋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቆጠራው ስምንት ወር ሆነው፣ አላለቀም። ሦስት መደርደሪያ ጠርሙስ ለመቁጠር ስምንት ወር የማይበቃው ሰው ወይ ቁጥር አይችልም፣ ወይ እየቆጠረ ሌላ ነገር ይሠራል።

ከጠዋት እስከ ማታ አንሶላ ስታሽ ሐሳቧ ባሩ ጋ ነው። ባሩን ትወደው ነበር። ይህን መናገር የሚያሳፍረው ሰው አለ፤ እሷን አያሳፍራትም። በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ሲንኳኳ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሲጠመዘዝ ሽታው ሲያውድ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቅ የዋለ ነጋዴ አንድ ጉንጭ ወስዶ ትከሻው ረገብ ሲል፣ ያኔ ነው እሷ ሰው የሆነች የሚመስላት። ሙሴ ያኒ በተሰባበረ አማርኛው «አንቺ እጅ መንቀጥቀጥ የለም፣ ዓይን መለኪያ አለ» ይላት ነበር። አሁን ያ እጅ በሳሙና ተልጦ ጣቶቿ ተሸብሽበዋል።

አንድ ሰኞ ለይኩን ቢሮው አስጠራት። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ቡና ሊገዙ የሚመጡ እንግዶች በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጅማ ይገባሉ፤ ሆቴሉ በኮክቴል ግብዣ ይቀበላቸው የሚል ደብዳቤ ከላይ መጥቷል።

«አንቺ ድሮ ለአድኃሪያኑ ኮክቴል ትሠሪ እንደነበር ይታወቃል» አላት።

«ለጠማው ሁሉ ነበር የምሠራው ጓድ።»

«እሑድ ፈተና ትፈተኛለሽ። ያ ኔግሮኒ የሚባለውን ትሠሪያለሽ፣ ኮሚቴ ይቀምሳል። ካለፍሽ ባሩ የአንቺ ነው።»

ፋንቱ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ባሩ የአንቺ ነው የሚለው ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ኮሚቴውን ማቋቋም ግን ቀላል አልሆነም። ሊቀ መንበሩ ለይኩን ራሱ ነው። ከፖለቲካ ጉዳይ ቢሮ ጓድ ደምመላሽ ተወከለ። ሁለቱም ኮክቴል የሚባለውን ከስሙ በቀር አያውቁትም። የሚያውቀው ማነው ተብሎ ሁለት ቀን ክርክር ሆነ። በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጣው ደምመላሽ ነው። በመላው ጅማ መንግሥት ራሱ ቀማሽ ብሎ ወረቀት የሰጠው አንድ ሰው አለ፤ የቡና ምርመራ ጣቢያው አቶ ወልደሰማያት። ቀማሽ ቀማሽ ነው ተባለና በማኅተም ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ቦታውስ የት ይሁን? ባሩ ታሽጓል፤ አዳራሹ የውይይት ክበብ አለበት፤ በዚያ ላይ እሑድ ቀን ሕዝብ እያየ መጠጥ መቅመስ ለአብዮታዊ ሥነ ምግባር አይመችም። ስለዚህ ፈተናው አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ፋንቱ ቤት እንዲሆን ተወሰነ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለይኩን ሦስት ጠርሙስ በገዛ እጁ አምጥቶ ሰጣት። አፋቸው በቀይ ሰም ተደፍኗል፣ ሰሙ ላይ የሥራ አስኪያጁ ማኅተም ተመትቶበታል።

«ጂን አንድ፣ ካምፓሪ አንድ፣ ቬርሙት አንድ። ሦስቱም ሙሉ። እዚህ ጋ ፈርሚ። ቤትሽ ስትደርሺ ከፍተሽ ትለማመጂባቸዋለሽ።»

ፈረመች። ለይኩን ፈገግ አለላት። እሱ ፈገግ ሲል ያየ ሰው በሆቴሉ ውስጥ አልነበረምና ያኔውኑ መጠርጠር ይገባት ነበር፤ ግን በደስታ ልቧ ጠፍቶ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ዙቤይዳ ደጃፉ ላይ ጠበቀቻት። ዙቤይዳ የቅመም ነጋዴ ናት፤ ረመዳን ሲገባ ለሰፈሩ ሁሉ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ የምትቀቅለው እሷ ናት። መጠጥ የሚባል ነገር በአፏ ዞሮ አያውቅም፣ አፍንጫዋ ግን የተለየ ነው፤ ከአጥር ማዶ ሆና ፋንቱ ወጥ ላይ ስንት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ እንደጣለች ትነግራታለች። ጠርሙሶቹን ስታይ አንዱን ብድግ አድርጋ ወደ ፀሐይ አነጣጠረችው።

«ማሊ ኩኒ? ያ ፋንቱ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ካምፓሪ ነው። የጣሊያን መጠጥ።»

«የምን ጣሊያን! ይሄ ከርከዴ ነው። ወላሂ፣ አበባው ታች ዘቅጦ ይታየኛል። ደግሞ የቀቀለው ሰው አላጠለለውም፣ ሰነፍ ነው።»

ፋንቱ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። ጠርሙሱን ተቀብላ ብታየው እውነትም ከታች ቀይ አሰር ተኝቷል። ጂኑን አንስታ ነቀነቀችው። ጂን ሲነቀነቅ አረፋው ከላይ ዶቃ እየሠራ ትንሽ ይቆያል፤ ይሄኛው ወዲያው ጠፋ። ውሃ ነው። የቬርሙቱ ጠርሙስ አረንጓዴ ስለሆነ ውስጡ አይታይም፤ ገልብጣ ስትመልሰው ግን አንዲት የሻይ ቅጠል ብቅ ብላ መስተዋቱ ላይ ተለጠፈች።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባት። ስምንት ወር ሙሉ ቆጠራ የተባለው መጠጣት ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ባሩ ሊከፈት ነው፤ ባዶ መደርደሪያ ሊታይ ነው፤ የሚጠየቅበት ሰው ያስፈልጋል። እሷ ማኅተሙን ሰብራ ጠርሙሶቹን ስትከፍት፣ ሙሉ ጂን፣ ሙሉ ካምፓሪ፣ ሙሉ ቬርሙት ተረክቤአለሁ ብላ ፈርማ ከርከዴና ሻይ ይዛ ትገኛለች። ሰሞኑን በአንድ ጆንያ ቡና «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ የታሰረ ሰው ታውቃለች። ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ሄጄ ልናገር?» አለች።

«ለማን? ለራሱ ለለይኩን? ፈርመሻል እኮ።» ዙቤይዳ ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቧ ተቀመጠች። «ዲሲ፣ ተዪው። ማኅተሙን አትንኪው ብቻ። ማኅተሙ ካልተሰበረ ማን ጠጣው ተብሎ ነው የምትጠየቂው?»

«ታዲያ በምን ልፈተን? ያለ ካምፓሪ ኔግሮኒ?»

«ውስጡ ምንድነው ያለው?»

ፋንቱ በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻት። ኔግሮኒ ሦስት ነገር ነው፣ ሦስቱም እኩል። የጽድ ፍሬ የሚሸት ጠንካራ መጠጥ። ቅጠላ ቅጠል የገባበት ጣፋጭ ወይን። ከብርቱካን ልጣጭና ከመራራ ሥር የወጣ ቀይ መራራ። ዙቤይዳ እያዳመጠች ዓይኗ ወደ ሱቋ ሄደ።

«ይሄማ ከእኔ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ነው» አለች።

ሥራው ዓርብ ምሽቱን ተጀመረ። ከአሰንዳቦ የመጣ ሁለት ጊዜ የወጣ ካቲካላ ፋንቱ ለብርድ ብላ ያስቀመጠችው አንድ ጠርሙስ ነበራት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የለቀመችውን የጽድ ፍሬ ወቅጣ ከድንብላል ጋር ዘፈዘፈችበት። ፍሬውን ስትለቅም ዘበኛው ለምንድነው ቢላት ለሆድ ቁርጠት ብላ ዋሸች፣ ወዲያውም ወደ መቅደሱ ዞራ ይቅርታ ጠየቀች። የአገር ውስጥ ቀይ ወይን ውስጥ ኮረሪማ፣ ትንሽ አሪቲና የተቃጠለ ስኳር ጨመረች። የቀረው መራራው ነው። ለመራራ ግራዋ ይበቃል፤ ዙቤይዳ ጓሮ ሞልቷል፣ በጥላ የደረቀም አላት። ቀለሙን ከቀይ ሥር አገኙት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቅምሻ ሆነ። ፋንቱ ትቀምሳለች፣ ዙቤይዳ ታሸታለች። የመጀመሪያው ብርጭቆ ሲቀርብላት ዙቤይዳ አፍንጫዋን መለሰች።

«ጋን ሲታጠብ ነው የሚሸተው። ግራዋው በዛ።»

ሁለተኛው ጣፈጠና ሽሮፕ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ፋንቱ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ያመጣችውን በረዶ ጨምራ በረጅም ማንኪያ ቀስ እያለች ስታማስል፣ ዙቤይዳ «ለምን አትንጪውም? ሲኒማ ቤት ያየሁት ሰውዬ ሲንጥ ነበር» አለቻት።

«ቅቤ ላወጣበት ነው? ኔግሮኒ አይናጥም፣ ይደፈርሳል። ይማሰላል እንጂ።»

አራተኛው ላይ ግራዋውን መቶ እስክትቆጥር ብቻ ነክራ አወጣችው። ቀመሰችው። መጀመሪያ የብርቱካኑ ልጣጭ መጣ፣ ቀጥሎ ጣፋጩ፣ ከዚያ መራራው ምላሷን ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቃት፣ መጨረሻ ላይ ጽዱ ጉሮሮዋን አሞቀው። የሙሴ ያኒ አልነበረም። ግን ሙሴ ያኒ ቢቀምሰው ጢሙን ጠርጎ ድገሚኝ ይል ነበር። ፋንቱ ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ኮራች። አራት ብርጭቆ ቀምሳ ስለነበርም ከኩራቷ ጋር ሳቅ መጣባትና ማቆም አቃታት፤ ዙቤይዳም ምንም ሳትቀምስ አብራት ሳቀች።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ፈታኞቹ ተከታትለው ገቡ። ለይኩን ደብተር ይዟል። ደምመላሽ ካኪ ለብሷል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ መፈክር ሲያሰማ አርፍዶ ጉሮሮው ደርቋል። አቶ ወልደሰማያት ማንኪያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ መትፊያ ጣሳቸውን አንጠልጥለው መጡ።

አቶ ወልደሰማያት በከተማው ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌ ከሚባሉት ናቸው፤ ሥራቸው ግን መትፋት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡና በማንኪያ እየማጉ፣ አፋቸው ውስጥ እያንከባለሉ፣ ጣሳ ላይ እንትፍ ሲሉ ኖረዋል። አንድ ጆንያ ቡና መኪና ላይ ከሽንኩርት ጎን ተጭኖ ከመጣ ያውቁበታል። ለምላሳቸው ሲሉ በርበሬም፣ ትምባሆም፣ መጠጥም አይነኩም። ሚስታቸው አልጫ እየሠሩላቸው ኖረው ራሳቸውም አልጫ ሆነዋል እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

«ስንት ናሙና ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ነው ጋሽ ወልደሰማያት» አለች ፋንቱ።

«አንድ ናሙና አምስት ስኒ ነው። በአንድ ስኒ አይፈረድም። የተበላሸ ፍሬ አንዱ ውስጥ ገብቶ ከሌላው ሊቀር ይችላል።»

«ይሄ ፍሬ የለውም እኮ» አለ ለይኩን።

«ደንቡ እንዲህ ነው። ደግሞ ሦስት ዙር ይቀመሳል። ቡና ትኩሱን፣ ለብ ሲልና ሲቀዘቅዝ ነው። ይሄ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከኋላ እንጀምርለታለን።»

«ደንብ መከበር አለበት» አለ ደምመላሽ። አምስት በሦስት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን በልቡ ደርሶበት ነበር።

ለይኩን ዓይኑ ጠርሙስ ፈለገ። ጠረጴዛው ላይ ከአምስት የሻይ ብርጭቆና ከተላጠ ብርቱካን በቀር ምንም የለም።

«እፊታችን ለምን አትቀላቅይም? ጠርሙሶቹን ከፈትሻቸው?»

«የሚያስፈልገውን ሁሉ ጓዳ አዘጋጅቻለሁ ጓድ።»

«እፊታችን ይሁን።»

«አይሆንም» አሉ አቶ ወልደሰማያት። «ቀማሽ ጆንያውን ካየ በምላሱ መፍረዱ ይቀርና በዓይኑ ይፈርዳል። ጓዳ ትቅዳው።»

ለይኩን አልተከራከረም። እንዲያውም ደስ አለው። ከፍታዋለች ማለት ነው፤ ያጠመደው ወጥመድ ይዟል። ትንሽ ቆይቶ የሚሆነውን በልቡ እያየ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ከርከዴ ትቀርባለች፣ ሽማግሌው ይተፏታል፣ እሱ ይቆጣል፣ ደምመላሽ ምስክር ይሆናል።

ፋንቱ አምስቱን ብርጭቆ ይዛ ወጣች። መጠጡ እንደ ሩቢ ዕንቁ ቀልቷል፣ በረዶው ይንኳኳል። ለይኩን የገዛ ከርከዴውን ሊቀምስ አፉን አሰናድቶ አንድ ጉንጭ ወሰደ። ካቲካላው አናቱን አለው። መራራው ተከተለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ ፋንቱን አየ፣ ደግሞ ቀመሰ። ሰውዬው በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ሊጠይቀው የሚፈልገው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ይህን ከየት አመጣሽው የሚል። እሱን ብቻ ደግሞ መጠየቅ አይችልም። ፋንቱ ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ሲሰቃይ ስታየው ሳቋን መያዝ አቃታትና የሳለች መሰለች።

አቶ ወልደሰማያት ሥራቸውን ያዙ። ማንኪያቸውን ነከሩ፣ ማጉ፤ ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። አፋቸው ውስጥ አዞሩት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንትፍ። ቀጣዩ ብርጭቆ። እንትፍ። ደምመላሽም ማንኪያ ተሰጥቶት ነበር፤ መጀመሪያ አካባቢ ሞከረው፣ በኋላ ማንኪያውን ኪሱ ከተተና በብርጭቆው ቀጠለ። የሚተፋበትን ቢያሳዩት «እኔ የሕዝብን ንብረት አልደፋም» አለ። በሁለተኛው ዙር የካኪውን ቁልፍ ፈታ። በሦስተኛው ዙር ፋንቱን እህቴ እያለ ይጠራት ጀመር፣ ስለ ልጅነቱም ሊያጫውታት ፈለገ።

ዙሩ ሲያልቅ አቶ ወልደሰማያት አፋቸውን በውሃ ተጉመጥምጠው ወረቀታቸውን አነበቡ።

«ቁመናው ጥሩ ነው። መራራው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አይዘገይም። የጭስ፣ የሻጋታ፣ የጆንያ ሽታ የለበትም። አምስቱም ስኒ አንድ ናቸው፤ እጇ አይዋዥቅም። ውስጡ ያገኘሁት፤ ካቲካላ፣ ከአሰንዳቦ በኩል። የጽድ ፍሬ። ድንብላል። ኮረሪማ። አሪቲ፣ በጣም ትንሽ። የተቃጠለ ስኳር። የብርቱካን ልጣጭ። ቀለሙ ቀይ ሥር። መራራው ግራዋ ነው፣ በጥላ የደረቀ። አንደኛ ደረጃ ብያለሁ።»

ፋንቱ ደነገጠች። ሽማግሌው ሊያመሰግኗት ብለው ገመናዋን አንድ ሳያስቀሩ ዘርዝረውታል።

ለይኩን ብድግ አለ። «ቆይ፣ ቆይ። ካምፓሪ አላገኙበትም?»

«ካምፓሪን አላውቀውም። ግን በውጪ አገር ግራዋ መኖሩን እጠራጠራለሁ።»

«ይኸው!» ደብተሩን አውጥቶ ፊርማዋን ለደምመላሽ አሳየው። «ሦስት ሙሉ ጠርሙስ ፈርማ ተረክባለች! ለእኛ ግራዋ አጠጥታ የሕዝቡን መጠጥ የት አደረሰችው? ይህ ግልጽ አሻጥር ነው። የት አለ ካምፓሪው?»

ደምመላሽ ስካሩ በአንድ ጊዜ ለቀቅ አደረገውና ፋንቱን አያት። እህቴ ማለቱን ተወ። «ወይዘሮ ፋንቱ፣ መልስ ስጪ» አላት።

«ዙቤይዳ፣ አምጪልኝ» አለች ፋንቱ።

ዙቤይዳ ከጓዳ ወጣች። ሦስቱን ጠርሙስ በትሪ ደርድራ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋላቸዋለች። ቀዩ ሰም እንዳለ ነው፣ የሥራ አስኪያጁ ማኅተም ጥርት ብሎ ይነበባል።

«ይኸው ጓድ። አልነካሁትም። ኮሚቴ ለማቅመስ የሕዝብ ንብረት ማባከን መሰለኝና፣ ከአገራችን ቅጠል ሠራሁት። በራሳችን እንቻል ስትሉን አይደል በየስብሰባው?»

ለይኩን ወደ ትሪው ጎንበስ አለ። ጠርሙሶቹን ተራ በተራ አያቸው፤ ከእሱ በቀር ማንም ያልነካቸው ጠርሙሶች።

«ጎበዝ!» ደምመላሽ ጠረጴዛውን መታው። «በራስ መቻል ማለት ይህ ነው።» ከዚያ የካምፓሪውን ጠርሙስ በፍቅር ተመለከተ። «ግን ለማወዳደር ያህል፣ ይሄን ብንቀምሰውስ?»

«ተገቢ ነው» አሉ አቶ ወልደሰማያት። «ናሙና ያለ መለኪያ አይመዘንም። ትክክለኛው በአንድ ስኒ ይቅረብልኝ።»

«ክፈቺው» አለ ለይኩን ቶሎ ብሎ። «ክፈቺው ፋንቱ!»

«እኔ? የሥራ አስኪያጅ ማኅተም እንዴት እሰብራለሁ?» ዓይኗን በጨው አጥባ አየችው። «ጋሽ ወልደሰማያት፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?»

«እኛ ጋ የታሸገ ናሙና የሚከፍተው ያሸገው ሰው ነው፣ ኮሚቴው እያየ። ሌላ ሰው ከከፈተው ናሙናው ውድቅ ነው።»

«ጓድ ለይኩን፣ እስቲ ይክፈቱልን» አለ ደምመላሽ ብርጭቆውን እየጠረገ።

የለይኩን ፊት አመድ መሰለ። ሰሙን በጥፍሩ ነካ፣ ተወው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ደምመላሽ ብርጭቆውን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ሽማግሌው ማንኪያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ፋንቱ በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብትተነፍስ ሰውዬው አለቀለት። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ግን እሱ ቢታሰር ሌላ ሥራ አስኪያጅ ይመጣል፣ ባሩ ለምርመራ ይታሸጋል፣ ሌላ ስምንት ወር አንሶላ። የለይኩን እስር ለእሷ ምን ያደርግላታል? የምትፈልገው ባሩን ነው።

«ወይም ደግሞ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጓድ ሥራ አስኪያጁ የእኔን ከተቀበሉት፣ የውጪው ለምን ይከፈታል? ለእንግዶቹ ቀን ይቆይ።»

ለይኩን ቀና ብሎ አያት። ታውቃለች። ማወቋን አወቀ። ጉሮሮውን ጠረገና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጓዶች» አለ። «የኢምፔሪያሊስት መጠጥ ለአገራችን መጠጥ መለኪያ ሊሆን ነው እንዴ? ግራዋችን በካምፓሪ ሊመዘን ነው? እኔ በበኩሌ እቃወማለሁ። ይህች ሴት የሠራችው ራሱ መለኪያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የባሩ ኃላፊ እንድትሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።» ከዚያ በፊት በየትኛውም ስብሰባ እንዲህ ከልቡ ተናግሮ አያውቅም። ደምመላሽ ዓይኑ እንባ አቀረረና አጨበጨበ፤ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፣ ተፈረመ። የባሩ ቁልፍ ከለይኩን ኪስ ወጥቶ ፋንቱ መዳፍ ላይ አረፈ። ቁልፉ በሰውዬው ላብ ርሶ ነበር።

ሁለቱ ቀድመው ሲወጡ አቶ ወልደሰማያት ጣሳቸውን ሊያጥቡ ወደ ኋላ ቀሩ። «ከርከዴ ነው አይደል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሰሩን አየሁት።»

«አይተው ዝም አሉ ጋሼ?»

«እኔ የምናገረው ስኒ ውስጥ ስለገባው ነው፣ ልጄ። ስኒ ውስጥ አልገባም።»

ሐሙስ ማታ ባሩ ተከፈተ። ፋንቱ ባዶውን መደርደሪያ ወልውላ የራሷን ቅምም በጠርሙስ ደርድራበት፣ ባንኮኒውን በሎሚ አሽታ፣ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ቆማለች። እንግዶቹ የፋንቱን ኔግሮኒ ሲቀምሱ እርስ በርስ ተያዩ፣ ድገሚን አሉ፤ አንዱ ወፍራም ሰውዬ በአስተርጓሚ አድርጎ የመራራውን ቅጠል ስም ጠየቃትና ግራዋ የሚለውን ደብተሩ ላይ ጻፈ። እጇ አልተንቀጠቀጠም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ሦስቱን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ደረደረችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ጓድ ለይኩን፣ ማኅተሙን ይፍቱልኝ። እንግዶቻችን የአገራችንን እየቀመሱ ነው። ይሄ የውጪው ትንሽ ስለሆነ ለእርስዎ ብቻ ነው የሚበቃው።»

ሰው ሁሉ እያየ ሰሙን ሰበረ። ፋንቱ ከሦስቱም እኩል እኩል ለካች፤ ውሃ፣ ከርከዴ፣ ሻይ። በረዶ ጨመረች፣ በረጅሙ ማንኪያ አማሰለች፣ የብርቱካን ልጣጭ ጠምዝዛ ጣል አደረገችበት። ለሌላው ሰው ከሠራችው በምንም አላሳነሰችበትም። ለይኩን ቀመሰው። ከእንግዶቹ አንዱ ብርጭቆውን አንስቶ በፈገግታ አጋጨው፣ እሱም ፈገግ አለ፣ ግጥም አድርጎ ዋጠ።

«እንዴት ነው የውጪው?» አለ ደምመላሽ ምራቁ እየመጣ። «እስቲ አንድ ጉንጭ አቅምሰኝ።»

ለይኩን ብርጭቆውን ከእጁ አሸሸና የቀረውን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። «በጣም ጠንካራ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «አይሆንህም።»

ፋንቱ ሳትጠየቅ ሁለተኛ ቀዳችለት፣ ቀጥላ ሦስተኛ። አምስተኛው ላይ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ከስካር ሁሉ የነጻ ድምፅ ነበር።

«ስንት ቀረ?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት።

ፋንቱ የካምፓሪውን ጠርሙስ ወደ መብራቱ አንስታ በጥንቃቄ አየችው።

«ገና ግማሽ አለ ጓድ» አለችውና አዲስ ብርቱካን መላጥ ጀመረች።